እትዬ የሺ፣ የሞላሌዋ ሙሴ

እትዬ የሺ መሞታቸውን የሰማሁት ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ሻይ ስጠጣ ነው። የሞላሌው አውቶቡስ ረዳት ከሩቅ አየኝና፣ «ዶክተር! አከራይህ የነበሩት ሴትዮ፣ ያ ድምፃቸው ትልቁ፣ አረፉ እኮ!» አለኝ።

«መቼ?»

«ሳምንት አለፋቸው። እንዳይነግሩህ ስልኩ አይሠራ፣ እንዳትመጣ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት።»

ዕድሜያቸውን ሰው ከሰው በስልክ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት የሞቱ ዕለት ከተማቸው ስልክ አልነበረውም። ይህን እሳቸው ቢሰሙ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሻዩ መራራ ሆነብኝ። ቀብራቸው ላይ አለመገኘቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ጊዜ ግን ከሐዘኑም ቀድሞ አእምሮዬ ውስጥ የመጣው፣ «ጽዋውስ ማን ቤት ነው?» የሚል ሐሳብ ነበር። ለምን እንዲያ እንዳሰብኩ ለማስረዳት ሴትዮዋን ከመጀመሪያው መናገር ይኖርብኛል።

ሞላሌ የሄድኩት የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ተመድቤ ነው። የመርሐቤቴዋ የዓለም ከተማ ልጅ ነኝ። ለኔ ብርድ ማለት ሐምሌ ላይ ጋቢ መደረብ ነበር። ሞላሌ ግን በባልዲ ያደረ ውኃ ጠዋት በጡጫ ነው የሚሰበረው። መንዞች በዚህ ይኮራሉ፤ ምኑ እንደሚያኮራ እኔ አልገባኝም። ቤት ፍለጋ እየተንቀጠቀጥኩ እትዬ የሺ በር ላይ ስደርስ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «የመርሐቤቴ ሰው ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ። በምን አወቁ?»

«በአቋቋምህ። በል ግባ፣ ይህን የበግ ጠጉር ባና ደርብ። እዚህ አገር በብርድ የሞተ የመንግሥት ሠራተኛ የለም፤ የሸሸ ግን አለ።»

ይህን ሁሉ የተናገሩት እየጮኹ ነው። መጀመሪያ የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት በወጣትነታቸው የከተማው ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ መደወል የሚፈልግ ሰው ስልክ ቤት ሄዶ ተራ ይጠብቃል፤ እሳቸው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! ይሰማል?» እያሉ መስመር ይፈልጉለታል። ስልክ ቤቱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው። የእሳቸው ድምፅ ግን እዚያው እንደቀረ ነበር። ጨው አቀብለኝ ሲሉኝ ማዶ ራቤል ከተማ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስላሉ። ሰው ብሶቱን ሲነግራቸው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ያዳምጡና ሲያበቃ፣ «ጨረስክ?» ይላሉ። መስመር ከመቁረጣቸው በፊት ደንበኛውን እንደሚጠይቁት ማለት ነው። «ጨርሻለሁ» ካልተባሉ መልስ አይሰጡም። እኔ ስለ ደመወዜ ማነስ ባማረርኩ ቁጥር «ጨረስክ?» ይሉኛል፤ «ጨርሻለሁ» ስላቸው ደግሞ «በል ብላ» ብለው ሰሐን ያቀርባሉ።

ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ዘመድ የሚሏቸው ማኅበርተኞቻቸውን ነበር። «እኔ ስሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው? እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ እነሱ እንዳይበተኑ መጠበቅ የኔ ሥራ ነው» ይሉኝ ነበር፤ ቀልድም አልነበረበትም።

ማኅበሩ የማርያም ነው። በየወሩ በሃያ አንድ በአባላቱ ቤት በየተራ ይጠጣል። የተረኛው ቤት ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል። ቄሱ ጸልየው ዳቦውን ይቆርሳሉ፤ ጽዋው፣ ያ ክዳን ያለው የሸክላ ዋንጫ፣ ጠላ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ተነሥቶ «የሚመጣውን የእመቤታችንን ጽዋ የሚቀበል ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚቀበለው ሰው በጋቢው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ወር ድግስ የእሱ ነው። ተቀባይ ከጠፋ ጽዋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፤ ማኅበሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ሙሴ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። የዚህ ማኅበር ሙሴ የእትዬ የሺ ባል ነበሩ። እሳቸው ሞተው በቀጣዩ ወር ማኅበሩ ሲሰበሰብ እትዬ የሺ ገብተው ባላቸው ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። ማንም አልተቃወመም። ያን ድምፅ ማን ይከራከራል?

እኔ አባል አልነበርኩም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። ግቢያቸው ስለምኖር ግን ጠላው አይቀርብኝም። ሞላሌ በደረስኩበት ጊዜ ማኅበሩ ቤት ሙሉ ነበር። አንድ ወር ሁለት ጎረቤታሞች በባሕር ዛፍ ተጣልተው መጡ፤ የአንዱ ዛፍ የሌላውን ገብስ ጥላ አጥልቶበት ነው። በማኅበር ደግሞ የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀምስም። እትዬ የሺ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ ጭነው፣ «ተናገር» አሉት አንዱን። ተናገረ፣ ተናገረ። «ጨረስክ?» «አልጨረስኩም!» «እንግዲያው ቀጥል።» ሌላውም በተራው እንዲሁ። ሁለቱም ጉሮሯቸው ደርቆ እንኳ እትዬ የሺ እጃቸውን አላነሡም። ጆሯቸው የደከመ እማማ ጥሩ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ከማኅበርተኞቹ ሁሉ የእትዬ የሺን ድምፅ የሚወዱት እሳቸው ነበሩ፤ ሌላውን አይሰሙትማ። እማማ ጥሩ ነገሩ ሁሉ ሳይገባቸው ቆይተው፣ «ምን ሆናችሁ ነው? ጠላው እኮ ሞቀ!» ብለው ጮኹ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለ ዛፉና ባለ ገብሱም እየሳቁ ተሳሳሙ። እትዬ የሺን በልቤ የወደድኳቸው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ እየሳሳ ሄደ። አንዱ ልጆቹን ተከትሎ አዲስ አበባ ገባ። አንዷ ሞተች። ልጁን በጦርነቱ ያጣ አንድ ሰውዬ ነበር፤ «ድግስ አይሆንልኝም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ ቀረ፤ ማን ምን ይለዋል? የገብሱም የጌሾውም ዋጋ በየገበያው ሌላ ሆነ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። እትዬ የሺ «የሚቀበል ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ እሳቸው፣ «እንግዲያው እኔ እደግማለሁ» ይሉና ጽዋውን መልሰው ይይዙታል። ተከታትለው ደገሱ። ጡረታቸው እዚያ ላይ እያለቀ እንደሆነ አይ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «እትዬ፣ ይቅርብዎት፤ ሰው አልፈለገውም» አልኳቸው።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ።»

«አልፈለገውም አይደለም። አልቻለም። የማይፈልግ ሰው ጉልበቱን አያይም፤ ፊት ለፊትህ ያይሃል።»

ልክ ነበሩ። ነገሩ ሲበላሽም የተበላሸው በዚሁ ልክ በነበሩበት ነገር ነው።

አንድ ሃያ አንድ እሳቸው ቤት ተሰብስበን ሳለ ጥያቄውን ከመጠየቃቸው በፊት ንግግር አደረጉ። ዘመኑ ከብዷል፤ ከእንግዲህ ጠላና ዳቦ ይቅር፤ ቆሎና ውኃ ለማርያም ይበቃታል አሉ። ሐሳቡ መልካም ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ። ግን ቀጠሉና በዚያ በስልክ ቤት ድምፃቸው፣ «ያለው እንኳ ይቻለዋል። እንደ ደምሴ ያለው ሰው ግን ሙሉ ድግስ ምን በወጣው?» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ከከተማው ዳር የሚኖር ገበሬ ነው። በግ ያረባ ነበር። የዚያን ዓመት በሽታ ገብቶ በጎቹን ፈጀበት፤ የያዝኩትን መድኃኒት ሁሉ ብሰጥም አንዲት ጆሮዋ የተሰነጠቀ እናት በግ ብቻ ናት የተረፈችው። ከተማው ይህን ያውቃል። ቢያውቅም ግን ፊቱ ላይ የተናገረ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ተነሣ፣ ጋቢውን አጣፋ።

«እትዬ፣ የእመቤታችንን ዝክር በኔ ምክንያት ቆሎ አያድርጓት» አለና ወጣ።

እትዬ የሺ ምን እንዳጠፉ ወዲያው የገባቸው አልመሰለኝም። «ምን አልኩት?» እያሉ ወደያንዳንዳችን ይዞሩ ጀመር። በቀጣዩ ወር ጋሽ ደምሴ ብቻ ሳይሆን ሌሎችም ቀሩ። የቀሩት ደግሞ በተለይ የቸገራቸው ናቸው፤ ቆሎ ይዞ መቀበል ከዚያ ቀን ወዲህ «እኔም እንደ ደምሴ ነኝ» ማለት ሆኗላ። ያላቸውም ተቸገሩ፤ ጠላ ቢጠምቁ የሌላውን ድህነት ማሳየት፣ ቆሎ ቢያቀርቡ ራሳቸውን ማዋረድ ሆነባቸው። አንድ በአንድ ራቁ። ገበያ ላይ፣ «ማኅበሩን ያፈረሰችው ራሷ የሺ ናት» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሳቸውም ሳይሰሙት አልቀሩም። ድምፃቸው አልቀነሰም፤ የሚናገሩት ግን አነሰ። ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠው የቀሩትን ሰዎች ስም እየጠሩ፣ «እሷ የወለደች ጊዜ ገንፎ ያገነፋሁላት እኔ ነኝ፤ እሱን የዳርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። ማዳመጥ ይከብድ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ «ደምሴ ጋ አትሄድም? በጓን አላየሃትም እኮ» አሉኝ። የፈለጉት በጓን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አብረን ወጣን። ጉልበታቸው እየደከመ ስለነበር በየመንገዱ እየቆምን ነው የሄድነው።

«ይቅርታ ሊጠይቁት ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም። ይቅርታ ብጠይቀው ያን ቀን የተናገርኩትን እንደገና መናገሬ ነው። ልለምነው ነው የምሄደው።»

«ምን ብለው?»

«ታያለህ።»

ጋሽ ደምሴ ክብር አልነሳቸውም፤ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፎ አስቀመጣቸው። ሚስቱ ወርቄ እርጎ አመጣች። እትዬ የሺ እርጎውን ተቀበሉና፣ «ደምሴ፣ ደክሜያለሁ። ወገቤም አልታዘዝ አለኝ። ይህን ወር ጽዋው እኔ ዘንድ ነው፤ መደገስ ግን አልቻልኩም። ያዝልኝ። ካንተ በቀር የምለምነው ሰው የለኝም» አሉት።

ጋሽ ደምሴ፣ «ቆሎ ነው ጠላ?» አለ።

«ማኅበር በቆሎ ሲጠጣ የት አይተሃል? ማነው እንዲህ ያለህ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ? እንግዲያው አርጅቻለሁ ማለት ነው» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ሳቁ አመለጠው። «እይዛለሁ፣ እትዬ» አለ፤ የተጎነበሰው ትከሻው ሲቃና በዐይኔ አየሁ። ወርቄ ግን ጓዳው በር ላይ ቆማ ወደ ጎደለው ጎታ ታይ ነበር። እኔ ወጥቼ በጓን አየኋት። አርግዛለች። ለጋሽ ደምሴ ስነግረው፣ «እሷ እኮ ቤቱን መልሳ ልትሞላው ነው» አለኝ በኩራት።

እትዬ የሺ ያን ሰሞን እንደ ልጅ ሆኑ። የቀሩትን ማኅበርተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ «ደምሴ ደግሷል፣ ሙሉ ድግስ ነው፣ እንዳትቀሩ» አሉ። ሁሉም «እንመጣለን» አላቸው። እሳቸውም አመኑ።

በገበያው ቀን እኔ የሥጋ ምርመራ ላይ ሳለሁ አንድ የበግ ነጋዴ ከያዛቸው በጎች መካከል ያችን ጆሮዋ የተሰነጠቀ የጋሽ ደምሴን በግ አየሁ። ቤት ገብቼ ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ግን ከሌላ ሰው መስማታቸው አይቀርም ነበር።

«ያረገዘችውን?» አሉ።

«አዎ።»

ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። በሃያ አንድ ጠዋት ግን ጋቢያቸውን እየለበሱ፣ «ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ጽዋውን ይወስዱታል። ያችን በግ ሸጦ የደገሰ ሰው ሌላ ምን ቀረው? ይበቃል» አሉኝ።

የጋሽ ደምሴ ቤት ተጠርጎ፣ ከእድሩ የተዋሳቸው አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳ ለግድግዳ ተደርድረው፣ ትልቅ ዳቦ መሐል ተቀምጦ ጠበቀን። ጋኑ ጥግ ላይ ቆሟል። ቄሱ አሉ፣ እማማ ጥሩ አሉ፣ እኛ መጣን። ቁጭ አልን። በሩ ክፍት ስለነበር ብርዱ ይገባል፤ ሰው ይመጣል ተብሎ በር አይዘጋም። በዚያ ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ ተኩስ ተሰምቶ ስለነበር አንዳንዱ ፈርቶ ቀርቶ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ መቅረትን ለምዶታል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ማንም አልመጣም። ጋሽ ደምሴ በየጊዜው ወደ ደጅ ብቅ እያለ ይመለሳል፤ ሲመለስ ከኛ ጋር ላለመተያየት ጠላ ይቀዳል። በመጨረሻ ቄሱ ጸልየው ዳቦውን ቆረሱ። ለያንዳንዳችን የደረሰን ቁራሽ በሁለት እጅ የሚያዝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ዳቦ የከበደኝ ነገር በልቼ አላውቅም።

ጽዋው ዞረ፤ መዞሩም ወዲያው አበቃ። እትዬ የሺ ተነሡ።

«አባ፣ እንደተነጋገርነው ጽዋውን ይውሰዱት። እመቤታችን ታውቃለች፤ የቻልነውን አድርገናል።»

ቄሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሽ ደምሴ ቀድሞ መዳፉን ክዳኑ ላይ ጫነ።

«ዛሬም አዘኑልኝ፣ እትዬ?»

መዳፉን ከክዳኑ ላይ አላነሣም።

«በጓ የኔ ናት። የሸጥኳትም እኔ ነኝ። ማንም ሽጥ አላለኝም። ያን ቀን በሰው ፊት ድሀ ነህ አሉኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ደገስኩ፤ ሰው አልመጣም፤ አይምጣ፣ እኔ ምን አገባኝ! እርስዎ ግን ጽዋውን ከቤቴ አውጥተው ሲወስዱት፣ ደምሴ ስላልቻለ የማርያም ማኅበር ቀረ ሊባል ነው። ይህን ነው የሚፈልጉት?»

እትዬ የሺ የአግዳሚውን ጫፍ ያዙ።

«ጨረስክ?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እማማ ጥሩ ወደኔ ዞረው፣ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጨርሻለሁ» አለ ጋሽ ደምሴ።

«እንግዲያው ይቅር በለኝ።»

ከዚያ ቀና አሉ። ባዶዎቹን አግዳሚዎች ከዳር እስከ ዳር አዩና ሰው የሞላበት ቤት ውስጥ እንዳሉ ሁሉ በሙሉ ድምፃቸው፣ «የሚመጣውን የእመቤታችንን ጽዋ የሚቀበል ማነው?» አሉ።

«እኔው እደግማለሁ» አለ ጋሽ ደምሴ።

ወርቄ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እትዬ የሺ ጽዋውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጡት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እንባቸውን ለመደበቅም አልሞከሩም። «ብወስድበት አዋርደዋለሁ፤ ብተውለት አስርበዋለሁ። መርሐቤቴው፣ ምን ባደርግ ይሻለኝ ነበር?» አሉኝ። ለሰው ማዘን እንዲህ መውጫ የሌለው ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ገና አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በሃያ አንድ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄዱ። ዳቦው እያነሰ ሄደ፤ ጠላው እየቀጠነ ሄደ፤ እሳቸው ግን ጥያቄውን በዚያው ድምፅ ይጠይቃሉ፣ እሱም በዚያው ቃል ይመልሳል። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ስሰናበታቸው ባናውን አስይዘውኝ፣ «ደብረ ብርሃንም ይበርዳል፤ ሞቃት ነው እያልክ እንዳትታለል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

መንገዱ ሲከፈት ሞላሌ ሄድኩ። ቤታቸው ተቆልፏል። ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ፤ ለቅሶ የሚደረሰው ለማን ነው? ወደ ጋሽ ደምሴ ቤት አቀናሁ። ዕለቱ ሃያ አንድ መሆኑን ያስታወስኩት ግቢው በር ላይ የጠላ ሽታ ሲቀበለኝ ነው።

ወርቄ አጥሩ ጋ አገኘችኝ። ተላቀስን። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ሳበችኝ። በጣም ከስታለች።

«ዶክተር፣ ልጆቼ የሚበሉትን ገብስ ነው የምጠምቀው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለሱ አይነገርም። እትዬም ሞቱ፤ አሁን ማን ተው ይለዋል? በማርያም ይዤሃለሁ፣ ጽዋውን አንተ ተቀበልና ውሰድልን። ግን ለኛ ብለህ መሆኑን እንዳያውቅ።»

ውስጥ ቄሱና እማማ ጥሩ ብቻ ናቸው። ዳቦው ተቆረሰ፤ ለእትዬ የሺም ነፍስ ጸሎት ተደረገ። ጽዋው ዞሮ ሲያበቃ ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። የሙሴው ቦታ ባዶ ነው። ጋሽ ደምሴ ጽዋውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። እማማ ጥሩ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ፤ የሚሰሙት ድምፅ የእትዬ የሺ ብቻ ነበራ።

«እኔ ልቀበል» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። «ለምን?»

እያዘንኩለት መሆኑን ከፊቴ እንዳያነብ ፈራሁ። «ደብረ ብርሃን የማውቀው ሰው የለኝም፣ ጋሼ» አልኩት። «ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነው። ከሰው ጋር አብሬ ከበላሁ ቆየሁ። ጽዋው ቢኖረኝ ቢያንስ በወር አንድ ቀን ሰው ቤቴ ይገባል።» ሰበብ ልፈጥር ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ተናግሬ ስጨርስ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ጋሽ ደምሴ ተነሣ። ጽዋውን በሁለት እጁ ሰጠኝና፣ «ያድርስህ፣ ያድርሰን» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ፊቱ በርቷል። እንዲያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

«እንግዲህ የሚመጣው ወር እኛ ነን የምንመጣው» አለ። «እማማ ጥሩንም ይዣቸው እመጣለሁ። ማኅበርተኛ ደግሶ ማን ይቀራል? በጠዋቱ አውቶቡስ እንሳፈራለን። ቤትህ በየት በኩል ነው?»

ወርቄ ጓዳው በር ላይ ቆማ አየችኝ። የመሳፈሪያውን ገንዘብ እሷም እኔም አላሰብንም ነበር።

ከመናኸሪያው ወርዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው አልኩት። እንዳይጠፋበት ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት።